የአማቴ ቢላና የጅዳው ማሽን

ማሽኑን ያስመጣሁት ሥጋ ለመቁረጥ ነው ብል ሰው ያምነኛል። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ያስመጣሁት አማቴን ለማሳፈር ነው።

እኛ ቤት ቢላ መያዝ ቀላል ነገር አልነበረም። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ የቅርጫ ድርሻችን ሲገባ ቢላው የአማቴ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ በሚያውቋቸው ሰዎች ዘንድ እንደሳቸው የሚዘለዝል የለም ይባላል። ከጡጫ የማይበልጥ ቀይ ሥጋ በግራ እጃቸው ይይዛሉ። ስለቱን እስከ ጫፉ ያደርሱትና ሊበጠስ ትንሽ ሲቀረው ያዞሩታል፤ ደግሞ ወዲህ ይመልሱታል። ሲጨርሱ ያ ጡጫ ሥጋ ከትከሻቸው እስከ ወለሉ የሚደርስ አንድ ወጥ ዝልዝል ሆኖ ይንጠለጠላል። ወደ መስኮቱ ያነሱትና በሥጋው ውስጥ ብርሃኑን ያሳዩናል። እንግዳው ሁሉ «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» ይላቸዋል። እሳቸውም አሜን ብለው ወደኔ ያያሉ።

እኔ የወግዲ ልጅ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ እዚህ ተመደብኩና ልጃቸውን አገባሁ። በሙሽርነቴ ዓመት ለፋሲካ «ነይ እስኪ እጅሽን እንየው» ብለው ቢላውን ሰጡኝ። ሥጋው ሦስት ቦታ ተበጠሰብኝ። አማቴ ቁርጥራጮቹን በትንሽ ሳህን ሰበሰቡና በር ላይ የቆመችውን ጎረቤታችንን ጠሩ። «ነይ፣ ይቺን ውሰጂ፤ ምራቴ ለድመትሽ ያዘጋጀችልሽ ናት» አሏት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባሌም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ፣ አንድም ዓመት ሳይዘሉ፣ ሰው ሞልቶ በተቀመጠበት «ድመቷ ደህና ናት?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም «ደህና ናት እማማ» እላለሁ። አንቱ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን እያስታጠብኩ ጠላኋቸው።

ያለፈው ገና ላይ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከኔ በቀር ያየ የለም። ቢላውን ወደ ጫፉ ሲያደርሱ አውራ ጣታቸው እንደ መዝለል አለች፤ ቶሎ ብለው ትሪውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና ሸፈኑት። ዝልዝሉ ከወትሮው አጠረ። «የዘንድሮ በሬ ሥጋው ልል ነው» አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዝም ያልኩት አዝኜላቸው ሳይሆን ፋሲካ እስኪደርስ ብዬ ነው።

ያኔ ነው ማሽን ያሰብኩት። ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ የባሌ ታናሽ እህት። በስልክ ጻፍኩላት፦ «እማማ የሥጋ መቁረጫ ማሽን አምሯቸዋል። አንቺን ማስቸገር ፈርተው ነው እንጂ ከገና ጀምሮ ሲያነሱት ነው የከረሙት።» እናትየው እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም አያውቁም። ልጅቷ በማግስቱ የአራት ማሽን ፎቶ ላከችልኝ። «የትኛውን ነው የፈለገችው?» አለች።

የትኛው እንደሚሻል አላውቅምና ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ጅዳ ምግብ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ሥጋ ሲቆርጥ ኖሮ የተመለሰ፣ አሁን ከመስጊዱ ማዶ የእስላም ልኳንዳ የከፈተ ሰው ነው። እኔ የሱን ሥጋ አልበላም፣ እሱም የኔን፤ ምክር ግን ሃይማኖት የለውም። እጁን በፎጣ ጠርጎ ስልኬን ተቀበለኝ።

«ይሄ ትልቁ የሆቴል ነው» አለ የመጀመሪያውን ገፋ እያደረገ። «በዓመት አራት ቀን ለምትቆርጪው ምን ያደርግልሻል? ቤት ከማጣበብ በቀር። ይሄኛው ደግሞ ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ውስጡ ፕላስቲክ ነው። ጥቂት ሠርቶ ይግላል፣ ጅማት ሲያገኘው የማርሹ ጥርስ ይረግፋል። ለመሆኑ በበዓል ቀን መብራት ይኖራል ብለሽ ነው?»

«ይሄስ?»

«እሱ ዳቦ መቁረጫ ነው። ስለቱ ጥርስ እንዳለው አታዪም? ለሥጋ ጥርስ የሌለው ነው የሚሻለው።» አራተኛው ላይ ቆመ። በእጅ የሚዞር፣ የብረት እግር ያለው፣ ክብ ስለቱ የሚፈታ ነበር። «ወላሂ፣ ለቤት ከሆነ ይሄ ይበቃሻል። ስለቱ የማይወልቅ ማሽን እንዳትገዢ፤ ከስለቱ ጀርባ የምትቀር ሥጋ በሦስተኛው ቀን መንገድ ድረስ ትሸታለች። ለመሆኑ ምን ልትቆርጪበት ነው?»

«ዝልዝል።»

ስልኩን መለሰልኝ። «ኧረ እህቴ! ማሽን ትኩስ ሥጋ አይወድም። ፍሪጅ አድሮ ጠንከር ሲል ነው የሚቆረጠው። ዝልዝል ደግሞ...»

«ቸኩያለሁ ጋሼ» አልኩትና ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ሳስተምር የምውል ሰው ነኝ፤ መማር አልወድም።

ማሽኑ በሁዳዴ መጨረሻ ላይ ከጅዳ በመጣች ሴት ሻንጣ ገባ። ከባሌም ደብቄ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ሲመሽ፣ ባሌ ሳይገባ እያወጣሁ አዞረው ነበር፣ ባዶውን። ድምፁ ደስ ይለኛል።

የፋሲካ ዕለት ሥጋው ገና እንፋሎት እያለው ገባ። የባሌ አጎት ከማሻ መጥተዋል፤ ባለድመቷ ጎረቤታችንም አለች። አማቴ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቢላውን በሞረድ እየሳሉ ነው። እኔ ማሽኑን ጨርቅ አልብሼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት።

«እማማ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ከፍ አድርጌ። «ዛሬስ ይተዉት። እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ገና ላይ አይቼዎታለሁ፤ ሰው ፊት እንዳይዋረዱ ብዬ ነው።»

ሁሉም እጃቸውን አየ። እሳቸውም እጃቸውን አዩት፣ የሌላ ሰው ዕቃ ጭናቸው ላይ ተረስቶ እንደተገኘ። ባሌ «አንቺ ሴት፣ ተይ እንጂ» አለኝ። አልተውኩም። ጨርቁን ገፈፍኩት።

አጎትየው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ።

ሥጋውን ማሽኑ ላይ አድርጌ ማዞሪያውን ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቁራጮች ቅጠል የመሰሉ ስሶች ሆነው ወረዱ። አንዱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት፤ ብርሃኑ አለፈ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ተደስቼ አላውቅም። ከዚያ ሥጋው ይንሸራተት ጀመር። ገና ትኩስ ነው፣ ይለመጣል፤ ስለቱ ሲመጣበት ይሸበሸብና ያመልጣል። ጅማቱ ስለቱ ላይ ተጠመጠመ። ስጫነው ማሽኑ ከነጠረጴዛው ተንቀሳቀሰ። ትሪው ላይ የወረደው የተፈጨም ያልተፈጨም ነገር ሆነ። ባሌ ሊረዳኝ ብሎ ደህና የወጡትን ቁራጮች ገመድ ላይ ሊሰቅል ሞከረ። አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወደቁ። ምን ይዞ ይንጠልጠል? ገመድ ላይ የሚያድረው ረጅሙ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቆርጦ መጣል እንጂ ማዞር አያውቅም። ባለልኳንዳውን ያላስጨረስኩት ነገር ይሄ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ አጎትየው።

ጎረቤቲቱ ቀበል አድርጋ «ለድመቴማ ዛሬ ነው ፋሲካዋ» አለች።

ተሳቀ። አማቴ ግን አልሳቁም። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ነዶኛል። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል የሚሉት እንደኔ ያለውን አይተው ነው። «በሉ እንግዲያው እማማ፣ እርስዎ ያሳዩና!» አልኩ።

አሳዩ። ጡጫ የምታክል ሥጋ መርጠው ያዙ። የመጀመሪያውን ዙር አዞሩ፤ ሁለተኛው ላይ ተበጠሰ። ሌላ አነሱ። እሱም ተበጠሰ። ሦስተኛው ላይ ስለቱ አውራ ጣታቸውን አገኘው፤ ደሙ ከሥጋው ደም ጋር ስለተቀላቀለ መጀመሪያ አላየነውም። አጎትየው ጣሪያውን ያያሉ። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን ታስተካክላለች። የሳቀ የለም። አማቴ ትሪውን ወለሉ ላይ አወረዱ፣ ቢላውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ይዘው ተነሱ፣ «ደከመኝ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። እሳቸውም ተበጠሰባቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቴ ሥጋ አልቀመሱም። ወጥ ሳቀርብላቸው «ጾም ነኝ» ይሉኛል። በሃምሳው ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕ እንኳ ይበላል። ባሌ የነፍስ አባታቸውን አመጣ። ቄሱ ጌታ በተነሣበት ሰሞን መጾም ክልክል ነው ብለው ገሠጿቸው። «አባቴ፣ ነፍሴ አልጾመችም፣ ሥጋ ነው የጠላሁት» አሏቸው። ባሌ ቄሱን ሸኝቶ ከተመለሰ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገረኝም። እኔም ሽሮ ሠራሁላቸው። ምን ላድርግ?

በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ለልጃቸው ወደ ጅዳ ቋንጣ ይልካሉ። እሳቸው የዘለዘሉት፣ በርበሬና ጨው የነኩት፣ ልጅቷ ለማንም ሳታቀምስ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋ እየቆነጠረች የምትበላው ነው። ዘንድሮ የምትሄድ ሴት ተገኘች፤ የሚልክ ግን የለም። አማቴን ሳልጠይቅ እኔ ሠራሁት። የባለልኳንዳውን ምክር ያኔ ነው የሰማሁት፤ ሥጋውን ፍሪጅ አሳድሬ ድንጋይ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቆረጥኩት። ማሽኑ እንደዚያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ስስ። ገመድ ላይ ስለማይንጠለጠል ወንፊት ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። ላስቲክ ውስጥ ሲገባ ግማሹ ተሰባበረ። «ከእማማ» ብዬ ላክሁት።

ደረሰኝ ብላ የደወለች ቀን እኔ የማሽኑን ስለት ፈትቼ በሙቅ ውሃ እያጠብኩ ነበር። እጄ ስብ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፈትኩት። አማቴ ከኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ደጃፉ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማ አጠገብሽ አለች?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ደህና አይደለም።

ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ። «የሉም፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» አልኩ። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቋንጣውን አየሁት» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ቁርጥራጭ ነው። አንድ ረጅም እንኳ የለውም። የእማ እጅ እንዲህ አልነበረም። ለዚህ ነው ማሽን ላኪልኝ ያለችው? እጇ እምቢ ብሏት ነው? የአላህ ያለህ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ አትደብቂኝ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ማሽኑንም የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ ማለት ነው። አማቴ እያዩኝ ነው። «አለሁ ልጄ» ቢሉ ውሸቴ እዚያው ይገለጥ ነበር፤ አላሉም። በገዛ ቤታቸው የሌሉ ሆነው፣ ሳላቸውን እንኳ ውጠው ተቀመጡ። አፈርኩ። ግን ማፈሬ አፌን አልመለሰልኝም።

«አዎ» አልኳት። «እጃቸው ደክሟል። እንዳትጨነቂ ብለን ነው ያልነገርንሽ።»

ብዙ አለቀሰች። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ይሰማል። «በይ አደራሽን» አለችኝ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ ቢላ እንዳትይዝ። እምቢ ካለችሽ ደብቂባት። ጣቷን ትቆርጣለች።»

«እሺ» አልኩ። ስልኩ ተዘጋ።

አማቴ ቀስ ብለው ተነሱና ወደ ክፍላቸው ገቡ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ተመልሰው ወጡ፤ ቢላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውታል። አጠገቤ መጥተው በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ዘረጉልኝ።

«እንኪ ደብቂው እንጂ» አሉ። «አደራ ተብለሽ የለም?»

እጄን ከውሃው አውጥቼ ቢላውን ተቀበልኳቸው።