የእናቴ ኩንያ

በርሜል በብረት ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ካርቱም ውስጥ ያደግኩበት የካላክላ ሰፈር ውኃ ሻጭ ትዝ ይለኛል። አህያው የሚጎትተውን ጋሪ በራችን ላይ አቁሞ በርሜሉን ኳ ኳ ያደርግና፣ «ያ ኡም ሐሰን! ውኃ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ኡም ሐሰን እናቴ ናት፤ የሐሰን እናት ማለት ነው። እኔ ሰልማ ደግሞ የቤቱ ብቸኛ ልጅ ሆኜ፣ ሐሰን የሚባል ፍጡር በዓይኔ ሳላይ፣ ባልዲ ይዤ እወጣ ነበር።

ሱዳኖች ይህን አጠራር ኩንያ ይሉታል። ሚኒባስ ይነዳ የነበረው ሱዳናዊው አባቴ እንዳስረዳኝ፣ የወለደች ሴትን በባዶ ስሟ መጥራት ድፍረት ስለሆነ በልጇ ስም ኡም እገሌ ትባላለች፤ ወንዱም አቡ እገሌ ይባላል። እሱን ራሱን አቡ ሰልማ ይሉት ነበር፣ በእኔ መሆኑ ነው፣ በዚያም እኮራ ነበር። እናቴን ታዲያ ለምን ኡም ሰልማ አይሏትም? ስጠይቃት ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ፣ «ወንድ ልጅ ስወልድ የማወጣለት ስም ነው፤ ለፋል ከአሁኑ ይጠሩኛል» አለችኝ። አባቴም፣ «ያለ ነገር ነው» ብሎ ደገፋት። ሳይወልዱ ለፋል ኩንያ የሚይዙ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ፣ ስለዚህ አመንኩ። አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ቤታቸውን የምታጸዳላቸው እመቤት ግን በስሟ ከዲጃ ብቻ ነበር የሚሏት፤ ማታ ከሥራ ተመልሳ ሰፈራችን ስትገባ፣ ጎረቤቱ ኡም ሐሰን ሲላት ፊቷ ፈታ ይል ነበር።

ሙቀቱ በርትቶ፣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሰማዩን ሲያጠቁረው፣ በርና መስኮት ዘግተን እንቀመጥና እኔ ለሐሰን ዕቃ እለይለት ነበር። የጠበበኝን የላስቲክ ጫማ፣ አንድ እግሩ የወለቀ የፕላስቲክ ፈረስ፣ አንገቱ የሰፋ ሸሚዜን በካርቶን አጠራቅሜ አልጋ ሥር ከተትኩለት። እናቴ ሁሉንም ታያለች። አንድ ቀን እንኳ «ተይው» አላለችኝም፤ ይባስ ብላ ሸሚዙን አጥባ፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ። አይ እናቴ!

ዝናቡ መጥቶ ግቢያችን ጭቃ በጭቃ ሲሆን፣ ቶብ የሚሉትን መጎናጸፊያዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውኃውን በባልዲ ስትቀዳ፣ እኔ ሆዷን አጮልቄ እመለከት ነበር። ምሳ አብዝታ የበላች ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ። ልጆች ወንድም የለሽም እያሉ ሲያበሽቁኝ፣ «ኢንሻአላህ ይወለዳል፣ ያኔ ታዩታላችሁ!» እላቸው ነበር፤ ይህን ያልኩት ታዲያ ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም።

አሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ ብርዱ በገባ ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን በሴት ተሞልቷል፤ እልልታው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። መሀል ላይ አፍንጫው ሥር ጢም ያበቀለ ረጅም ልጅ ቆሟል፣ እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ እጄን ያዘችና፣ «ያላ ሰልማ፣ ወንድምሽን ሳሚው! ሐሰን ነው እኮ፣ ከሐበሻ መጣ!» አለችኝ።

«ሐሰን ገና አልተወለደም» አልኳት።

ሴቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ለካስ ሁሉም ያውቁ ኖሯል! አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወደ አባቴ ዞር ብል መሬት መሬት ያያል። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቅ ነው።

ሴቶቹ ሲበተኑ እናቴ ወደ ጓዳ ይዛኝ ገባች። «ወላሂ ልነግርሽ ነበር፣ ሰልምዬ» አለች። «በሁለት ዓመቱ ወሎ ለእናቴ ጥዬው ነው የመጣሁት። ልጅ ትቼ መጣሁ ብልሽ፣ አንቺንም የምተውሽ ይመስልሽ ነበር።»

«አሁንስ ምን የሚመስለኝ ይመስልሻል?» አልኳት።

ሐሰን ምንም አላጠፋም፤ ደግና ዝምተኛ ልጅ ነበር። ካርቶኑን ግን ወስጄ ቆሻሻ መጣያ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጠዋት ወደ አል-ጣኢፍ ስትሄድ እስክትመለስ በር በሩን አይ ነበር፤ ማታ መመለሷ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።

አሁን የካርቱሙ ጦርነት ጋብ ብሎ፣ ካገባሁ ጀምሮ ወደምኖርበት ቡሪ ሰፈር ተመልሰን ከገባን በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ፣ ሴት ናት። ሊጠይቁኝ የመጡት የሰፈር ሴቶች፣ «ኡም ማን እንበልሽ?» አሉኝ። «ሰልማ በሉኝ፣ በስሜ ጥሩኝ» አልኳቸው። ድፍረት መስሏቸው ተያዩ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ ልጄን ታቅፋ የተቀመጠችው እናቴ ቀና ሳትል፣ «እኔንም ከዲጃ ብቻ ቢሉኝ ኖሮ ሐሰንን እረሳው ነበር። እንዳልረሳው ብዬ ነው» አለች።

ያኔ፣ በዚያ ጓዳ ውስጥ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አብሬያት አለቅስ ነበር። አሁን ግን ልጄን ከእቅፏ ተቀብዬ ማጥባት ጀመርኩ።