ኬንያንና ፊንላንድን እኩል ያደረግኩ ዕለት

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም እጄ አይታማም። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የምነድፈው ባለ ካሬ ደብተር ላይ ነው፤ ካሬውን እየቆጠርኩ፣ የአንገቱ ግራና ቀኝ አንድ ክር ሳይዛነፍ። ጎሮ ያሉ ደንበኞቼ «ማሽን የሠራው ይመስላል» ሲሉኝ «ማሽን የት ያውቅበታል!» እላለሁ። ጉረኛ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

ልጄ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። ሁለት አገሮች ወደ ውጭ የሚሸጡት ወረቀት በየዓመቱ ስንት እንዳስገኘላቸው የሚያወዳድር ግራፍ ይዛ ክፍል ውስጥ እንድታስረዳ ታዘዘች። መምህሩ «ከኮምፒውተር የታተመ አልቀበልም፣ በእጅ ይሳል» ብሏል። በዚያ ትምህርት አንዴ ወድቃለች፤ አሁንም ከወደቀች ምርቃቱ ቀረ ማለት ነው። የሷ እጅ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አያውቅም።

«እማዬ፣ ቁጥሩ ይኸው። አንቺ መስመሩን ብቻ ሳዪልኝ» አለችና ኬንያንና ፊንላንድን አስታቅፋኝ ጓደኛዋ ጋ ልታጠና ሄደች።

ለእያንዳንዷ አገር አንድ አንድ ትልቅ ወረቀት መደብኩና በእርሳስ ካሬ አሰመርኩ። ፊንላንድ እስከ አናቱ ሞላችው። ኬንያን በዚያው ልክ ስጀምር ግን ከግርጌው ንቅንቅ አልል አለች። ታዲያ ያ ሁሉ ወረቀት ባዶውን ሊቀር ነው? እኔ አንዱ እጅጌው ረጅም፣ አንዱ አጭር የሆነ ቀሚስ አስረክቤ አላውቅም! ስለዚህ በኬንያ ወረቀት ላይ የአንዱን ካሬ ዋጋ ቀነስኩላት፣ ደግሜ ቀነስኩላት፤ እሷም እስከ አናቱ ወጣች። ጎን ለጎን ሳያቸው እንዴት ደስ አለኝ! ለልጄ ሳላሳያት ጠቅልዬ አሰርኩት፤ ላስደንቃት ነው።

ሰኞ ጠዋት ጥቅሉን ልይዝላት አብሬያት የመገናኛ ታክሲ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «የምን ካርታ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። የሚጠይቀኝ ሰው አግኝቼ ዝም ልል? ዘረጋሁት።

«ኬንያና ፊንላንድ ናቸው፣ አባባ። በወረቀት ንግድ እኩል ለእኩል ናቸው።»

መነጽራቸውን አወጡ። «ጎረቤታችን ይህን ያህል ከሸጠች እኔ ለልጅ ልጆቼ ደብተር በዚህ ዋጋ የምገዛው ለምንድን ነው?»

ልጄ ዘወር አለች። በየወረቀቱ ዳር የጻፍኩትን ቁጥር በጣቷ ተከተለችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ! ስኬሉን ቀየርሽው እንዴ?»

«ትንሽ ከፍ ባደርጋት ብዬ ነው...»

«ማንን?»

«ኬንያን።»

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። የሷ ዓይን ግን እንባ አቀረረ፤ የኔም ጉራ እዚያው ቀዘቀዘ።

መገናኛ ወርደን ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትልቅ ወረቀትና ማርከር ገዛን። ልጄ የሱቁ በረንዳ ላይ ተንበርክካ ራሷ መሳል ጀመረች፤ ሁለቱን አገሮች በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ልክ። የኔ ሥራ ነፋስ እንዳይገልበው ጥግ ጥጉን መያዝ ሆነ። መስመሯ ጠመም ጠመም ይላል። ኬንያ ግርጌው ላይ ልጥፍ ብላ ስትቀር አንጀቴ አልችል አለ።

«ትንሽ እንኳ ብናነሳት?»

«እማዬ፣ እጅሽን ከኬንያ ላይ አንሺ!»

ከሰዓት በኋላ ደወለች። አልፋለች! እልል ብዬ ሳልጨርስ «ያንቺንም አሳየሁት፤ መምህሩ አስቀረው» አለችኝ።

«ወደደው?»

«ግራፍ እንዴት እንደሚዋሽ ለሌሎቹ ክፍሎች ሊያሳይበት ነው።»

ለጎረቤቶቼ የነገርኳቸው ግን መምህሩ ሥራዬን ለማስተማሪያ እንዳስቀረው ብቻ ነው።