ክሬንን ማንሳት

ሰፈሩ «ብጣሽ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቁመቷም ከስፌት መኪናዋ ብዙ አያልፍም። አማቷ፣ የባሏ አባት፣ በጉልበታቸው ዘመን የመጋዘን ሸካሚ ነበሩ። ጓደኞቻቸው በከባድ ዕቃ ማንሻው መኪና «ክሬን» ብለው ያወጡላቸው ስም እስከ ዛሬ አለቀቃቸውም። ባሏ ሾፌር ነውና ቤት የሚያድርበት ቀን ብርቅ ነው። ስለዚህ ስትሮክ የሽማግሌውን ግራ ጎን ከያዘው ወዲህ፣ እሳቸውን የሚያህል ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር የምታዛውረው የፈረደባት ብጣሽ ናት።

ሐኪሙ «ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ አለቀ፤ ዳግም አይነሱም» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ የምትፈራው ሌላ ነገር የለም። ስትሰፋም እጇ ጨርቁ ላይ፣ ጆሮዋ መኝታ ቤት ነው።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ብብታቸውን በጣቶቿ ያዘች፤ ክንዶቿን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አነሳቻቸው። የባሏን አባት ደረት ለደረት ማቀፍማ እንዴት ተደርጎ! ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ገና ሳይቆሙ ግን ግራ ጉልበታቸው ከዳቸው። ያ ሁሉ ክብደት በተዘረጉት ክንዶቿ ጫፍ ተንጠለጠለ። ወገቧ ቀጭ አለ፤ ተረከዟ ከወለሉ ተነሳ። ይዘዋት ሊወድቁ ነው።

«አባባ! ኧረ አባባ፣ መያዝ አቃተኝ!»

የክሬን ዓይን ፈጠጠ። እሳቸውም እንደሚፈሩ ያን ጊዜ ገባት።

«እቀፊኝ!» ብለው ጮኹ። «እግርሽን ከፈት፣ ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊና ደረትሽ ላይ ለጥፊኝ! ሸክም የሚከብደው ሲርቅ ነው!»

ነውሩን ማን አስታወሰው! ጀርባቸውን ጠምጥማ ሳበቻቸው፤ ጉንጫቸው ትከሻዋ ላይ አረፈ። ክብደቱ ከክንዷ ወደ እግሮቿ ወረደ፣ ተረከዟም መሬት ያዘ። እንደተቃቀፉ ቀስ ብላ ዞራ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው።

እሷም ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ንዴቱ መጣ።

«ይህን እያወቁ ነው ዝም ያሉኝ? ልገድልዎት እኮ ነበር!»

ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ልጄ፣ ስንቱን ዕቃ ደረቴ ላይ ለጥፌ ተሸክሜያለሁ። አንዱም ‹እቀፈኝ› ብሎኝ አያውቅም። እኔስ ለልጄ ሚስት በምን አፌ ልበል?»

ማታ ደግሞ ወደ አልጋ መመለስ አለ።

«ማታ እርስዎም በደህናው እጅዎ ጥብቅ አድርገው ይቀፉኝ» አለች ብጣሽ። «እኔም እፈራለሁ።»