የሳፊያ ፊት በራጅ ፊልም

ኢስሃቅ አዳማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ራጅ ሲያነሳ ኖሮ ጡረታው ሲቃረብ ሆስፒታሉ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ጊዜያቸው ያለፈ፣ ገና ምንም ያልተነሳባቸው ሰባት የደረት ራጅ ፊልሞች ተርፈው ነበርና "ከፈለግህ ውሰዳቸው" አሉት።

ወሰዳቸው። ከጣውላ ትልቅ ካሜራ ሠራ። የሚስቱን የሳፊያን ፊት በራጅ ፊልም ያነሳል፤ ፊልሙን ኬሚካል በተቀባ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ወረቀቱም ሰማያዊ ፎቶ ያወጣል። ሐሳቡ ይኸው ነበር። ወረቀቱ ግን ፈዛዛ ፊልም አይቀበልም። የፊልሙ ጥቁር ድቅድቅ ካላለ ፀሐይዋ በሁሉም በኩል ታልፍና ፊቱን ከነግድግዳው አንድ ሰማያዊ ታደርገዋለች።

የመጀመሪያው እንደዚያ ሆነ። ሁለተኛውን በጨለማ ክፍል፣ በቀይ አምፖል ሥር፣ የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል በያዘ ሳህን ውስጥ ረዘም አድርጎ አቆየው። ጥቁሩ ግሩም ወጣ፤ ግን የራጅ ፊልም ምስል የሚይዘውን ኬሚካል በሁለት ጎኑ የተቀባ ነውና የሳህኑ ወለል ጀርባውን ፋቀው።

"ድመት የቧጨረችኝ አስመሰልከኝ እኮ!" አለች ሳፊያ ፎቶውን አይታ።

ሦስተኛውን ጀርባውን በበረኪና አጠበው። ጭረቱ ለቀቀ፤ የጥቁረቱም ግማሽ አብሮት ሄደ። ኢስሃቅ ሳህኑን ወርውሮ ወጣና እስከ ማታ አልተመለሰም። አራተኛው ላይ በካሜራው ስንጥቅ ብርሃን ገባበት። አምስተኛው ላይ ሳፊያ አስነጠሳት።

ለስድስተኛው ሳህኑ ውስጥ መስታወት አነጠፈ። ጭረት የለ፣ ፍዘት የለ። መስኮቱ ላይ ሰቅሎት ሲደርቅ ጎረቤታቸው ዙህራ አይታ፣ "ውይ ሳፊያ፣ ደረትሽን ያምሽ ነበር እንዴ?" አለች። ሁሉም ሳቁ። ከሰዓት የአዳማ ንፋስ ተነሳ፤ አቧራው እርጥቡ ፊልም ላይ ተለጥፎ አብሮ ደረቀ። ፎቶው ላይ የሳፊያ ፊት ኩፍኝ እንደያዘው በነጭ ነጠብጣብ ተሞላ።

ሰባተኛውን ሳይነካ፣ ሻሸመኔ አንድ ክሊኒክ ንብረት ክፍል ለሚሠራው ለማናሴ፣ የተረፈ ፊልም ይኖር እንደሆን ሊጠይቀው ደወለ።

"ሁለት ካርቶን አለ ጋሼ፣ ይምጡ!" አለው።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረ። ማናሴ ጁስ ጋብዞት ካርቶኖቹን አቀረበለት።

"እንዳይጎድልብዎት አንድ በአንድ አውጥቼ ቆጠርኳቸው።"

"የት ሆነህ?"

"እዚሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ።"

ኢስሃቅ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ሰፊ መስኮት አየ። ብርሃን የነካው ፊልም ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም። ልጁን ምን ይበለው? በቅንነት ያደረገው ነው። "እግዜር ይስጥህ፣ ይቅርብኝ" ብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ ጥርሱን እንደነከሰ ነበር።

"አንዱ ይቀርሃል አይደል? መቼ ታነሳኛለህ?" አለችው ሳፊያ ያን ሰሞን።

"አላነሳሽም! እሱም ይበላሽብኝ?"

ፊልሙ ዛሬም በጥቁር ወረቀቱ እንደተጠቀለለ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሳፊያ ልብስ ስትፈልግ እንኳ ኢስሃቅ ከኋላዋ ቆሞ "ቀስ! እንዳትከፍቺው!" እያለ ይጮህባታል።