አንዴ ብቻ ይጠይቃሉ

ይህ ለሰው የሚወራ ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጣላም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ፣ ሃክኒ በሚባል የእንግሊዝ ሰፈር የገመድ አስተሳሰር ስለተማርኩባቸው ጥቂት እሑዶች ነው። ስጽፈው ግን ፊቴ ይግላል።

የወሰደችኝ የዶርም ጎረቤቴና ጓደኛዬ ናት። ሰዎች ተስማምተው በገመድ የሚተሳሰሩበት የጀማሪዎች ልምምድ አለ፣ ልብስ አይወልቅም፣ ሻይም አለ አለችኝ። እሷን ላለማስቀየም ብዬ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ገና ስትነግረኝ ልቤ መምታት ጀመረ። አውቶቡሱ ውስጥ እናቴን የሚያውቅ ሰው እንዳይኖር ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየሁ።

ቦታው ተራ የሰፈር አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ ብስኩት። አስተማሪዋ ሽበታም፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ከቋጠሮ በፊት ያስተማረችን አንድ ነገር ነው። "የታሰረው ሰው ፍቱኝ ካለ ወዲያው ይፈታል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።" ራሴን በትጋት ነቀነቅሁ። ከዚያ ገመዱ ከእጄ ሲወድቅ "ይቅርታ" አልኩ።

"ገመዱን ነው ይቅርታ የጠየቅሽው?" አለች ጓደኛዬ።

"አንቺን ነው።"

"እኔ መች ወደቅሁ?"

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኔን የማሰር ተራ የእሷ ሆነ። እጆቼን ወደ ኋላ አድርጋ ገመዱን ክንዴ ላይ ጠመጠመችው። ደስ ይል ነበር፤ ይህን መጻፉም ያሳፍረኛል። ማንንም ለማስደሰት የምሠራው ነገር አልነበረም፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ብቻ። ትንሽ ቆይቶ የቀኝ አውራ ጣቴ ደነዘዘ።

"ላላላልሽ?"

"አይ፣ ደህና ነው።"

እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚባለው። እንግዳ "ጨምሪ" ስትባል መጀመሪያ "በቃኝ" ትላለች፤ ጋባዧ "በሞቴ" ትላለች፤ እውነተኛው መልስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ደግማ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። አልጠየቀችም። ቃሌን አምና ሌላ ዙር ጨመረች፣ እኔም ፈገግ አልኩላት። ስትፈታኝ የቀኝ እጄ ከአንጓው ላይ ተንጠለጠለ። ላነሳው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ።

"ጠይቄሻለሁ እኮ" አለች ጓደኛዬ፤ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ ልላት አሰብኩና በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጠፋኝ።

አስተማሪዋ አጠገቤ ተቀምጣ ጣቶቼን አየች፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ እንድሄድ ነገረችኝ። "እኛ የምናውቀው አንቺ የምትነግሪንን ብቻ ነው" አለች። "መናገር እስክትለምጂ ድረስ ማንም አያስርሽም።" አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ነርቭ ተጭኖ ነው፣ ቀስ በቀስ ይመለሳል አለ። ቅዳሜ ቶተንሃም፣ እናቴ ቤት ስሄድ ምሳ ቀረበ።

"በግራሽ ነው እንዴ የምትበዪው?" አለች እናቴ።

"ተኝቼበት ነው፣ እማዬ።"

"አልጋውን ቀይሩልኝ በያቸው፣ ኮምፕሌይን አድርጊ እንጂ። በይ ጨምሪ፣ ከስተሻል።"

"በቃኝ።"

"በሞቴ።"

ግራ እጄን ሰሃኔ ላይ ከደንኩ። "እውነቴን ነው። በቃኝ።"

ጭልፋው በአየር ላይ ቀረ። "ምን አስቀየምኩሽ?" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። እጄን አነሳሁላት። ጨመረችልኝ፣ በላሁ።

እጄ ሲድን ተመለስኩ። አስተማሪዋ አጠገባችን ቆማ ጓደኛዬ እንደገና አሰረችኝ፣ በጣም አላልታ። ጣቴ ላይ ትንሽ ንዝረት ሲሰማኝ ደግማ ትጠይቀኝ እንደሆነ ልጠብቅ ነበር፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

"ፍቺኝ።"

ፈታችኝ። አንድም ሰው ለምን አላለም፣ ሌሎቹም ከገመዳቸው ቀና አላሉም። የሰው ማዕድ ገፍቼ የተነሳሁ ይመስል አንገቴን ደፍቼ ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ።

"ይቅርታ" አልኳት።

"ለምኑ?"

ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ፣ ጓደኛዬ በየሳምንቱ ብትጋብዘኝም አልተመለስኩም። በመጀመሪያው ግብዣ "በቃኝ" አልኳት፣ እሷም አመነችኝና አልለመነችኝም፤ በሳምንቱ አንዴ መጋበዟን ግን አልተወችም፣ እኔም በየጊዜው ያንኑ ቃል እመልስላታለሁ። አዳራሹ የሄድኩበት የመጨረሻ ቀን፣ ፍቺኝ ያልኩበት እሑድ፣ ሜይ 14 ቀን 2017 ነበር።