ድንቹ እስኪደርስ

ትናንት ከአልጋ ሥር ሻንጣዬን ስጎትት አንድ ጆንያ አብሮ ተሳበ። ባለቤቴ ከማረፉ በፊት ለዘር የለየው ድንች ነው፤ በጨለማው ውስጥ ነጭ ቡቃያ አውጥቶ ጆንያውን ወግቶታል።

ልጄ ከአሰላ ተነቅዬ አዲስ አበባ እንድገባ ከጠየቀችኝ ሁለት ወር ሆነ። "ለጊዜው ነው እማዬ" ትላለች። ልብሴን አጣጥፋለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ። ስቀመጥ ተነሺ ተነሺ ይለኛል፤ ስነሳ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል።

ይህ "ለጊዜው" የሚሉት ነገር የድሮ ጠባዬ ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ አሰላ አቅራቢያ ሳጉሬ በመምህርነት ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በደረስኩ ማግስት የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብሴን ከሻንጣ ሳላወጣ ኖርኩ። አልጋ አልገዛሁም፣ መጋረጃ አልሰቀልኩም። እንግዳ ሲመጣ ያለችኝን አንድ ኩባያ ሰጥቼ "እኔ አሁን ጠጣሁ" እል ነበር።

አከራዬ አዴ ፋጡማ "በርሲስቱ" ይሉኝ ነበር፤ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው። አንድ የግንቦት ጠዋት ከመስኮቴ ሥር ያለውን ባዶ መሬት በእግራቸው እየነካኩ፣

"በርሲስቱ፣ ይሄን ለምን ጦም ታሳድሪዋለሽ?" አሉኝ።

"ነሐሴ ላይ ዝውውሬ ይመጣል፣ አዴ።"

"አምናም ነሐሴ ብለሽ ነበር። በይ ያዢ!" ብለው ቅርጫት ሙሉ የዘር ድንች አስታቀፉኝ።

እሳቸውን ላለማስቀየም ተከልኩ። ከዚያ ግን ፊቴን ሳልታጠብ ወጥቼ የማየው እሱን ሆነ። አፈር አፈር በሚሸት እጄ ጠመኔ እይዝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ዝውውሩ የእውነት መጣ። ድንቹ አበባ ላይ ነበር። መልቀቂያ ልወስድ በዝናብ ወደ አሰላ ተሳፈርኩ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ገብሱ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ግን ገና ያን ቀን አየሁት። ሁለት ዓመት ተቀምጬ ምንም አለማየቴ አናደደኝ።

ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቀጭን ጸሐፊ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ብዕሩን ይዤ ቀረሁ።

"እስከ መስከረም መጨረሻ ማቆየት አይቻልም?"

"አይቻልም። ካልፈረምሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ምነው፣ ታመሽ ነው?"

"ድንች ተክያለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ለድንች ብለሽ?"

"ለድንች።"

"ለባል ብለው የሚቀሩ አይቻለሁ። ለድንች ስትቀሪ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

ብዕሩን መለስኩለት። አሁን ለእናቴ ምን ብዬ እጽፋለሁ? ያንኑ ዕለት ግን ገበያ ገብቼ አምስት ኩባያ ገዛሁ።

መስከረም መጨረሻ በገበያ ቀን በሬ ተንኳኳ። ያ ጸሐፊ ነው፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

"ድንቹ ደርሶ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው" አለ።

ቀቅዬ በአዋዜ አቀረብኩለት። አዴ ፋጡማ በመስኮት አጮልቀው አዩትና "በርሲስቱ፣ ይሄም ለጊዜው ነው ልትዪኝ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ጸሐፊ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖርን። በየግንቦቱ ድንች የሚተክለው እሱ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ደወለች።

"እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?"

"መስከረም ላይ እንነጋገራለን። የአባትሽን ድንች ልተክል ነው።"

ልክ እንደ አባቷ አድርጋ፣ "ለድንች ብለሽ?" አለችኝ።

ሐዘኔ አልቀለለም። ሁለት መስመር እስክተክል ሦስት ጊዜ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ፦ ባለቤቴ ያን ዘር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ትንፋሽ እያጠረው አንድ በአንድ ሲለይ፣ መስከረምን እንደማያይ ሐኪሙ ነግሮት ነበር። የተበላሸውን ወደዚህ፣ ደህናውን ወደዚያ፤ ሳይቸኩል። ጆንያው ገና አላለቀም፤ ነገ ሦስተኛውን መስመር እቆፍራለሁ።