ኤርምያስ የገዛው እርሻ

የምሠራው እዚህ እስራኤል፣ ቢሉ ሴንተር የሚባል የገበያ ማዕከል፣ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው። አዲስ ፍራሽ ሲራገፍ የላስቲኩ ሽታ ያናድደኛል፤ ልጅነቴን ያመጣብኛል።

አባቴ ጎንደር ለቀረችው እህቱ፣ ለአክስቴ ጥሩዬ፣ አልጋ ገዝቶ እኔ ክፍል ውስጥ አቆመ። ፍራሹን ከነላስቲኩ ተወው። እኔ ከታናሽ እህቴ ጋር ተጨናንቄ ነበር የምተኛው።

«አባ፣ እስክትመጣ ልተኛበት?»

«አይሆንም። የእሷ ነው።»

እናቴ ሳቀች። «የመግቢያ ፈቃድ መች አገኘችና! ለሌለ ሰው አልጋ!»

«ነቢዩ ኤርምያስ ከተማው በጠላት ተከቦ እያለ እርሻ ገዛ» አላት ኮስተር ብሎ። «ሞኝ ሆኖ መሰለሽ? ሰው ተመልሶ እዚህ ያርሳል ማለቱ ነው። ይሄም አልጋ እንደዚያው ነው።»

«ቤሰደር፣ እሺ ነቢዬ!» አለችው በዕብራይስጥ ቀላቅላ።

ነገሩ ብዙም አልገባኝም። አክስቴ በማግስቱ የምትመጣ መስሎኝ ግን በር በሩን ሳይ ዋልኩ።

አክስቴ ባለፈው ክረምት ፈቃዷን እንደጠበቀች እዚያው ጎንደር ሞተች። መርዶውን ከሰማም በኋላ አባቴ አልጋውን ከነላስቲኩ እንዳቆመው ነው። እኔም ትምህርት ቤት ታናክ፣ የዕብራውያንን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ስንማር ያነበብኩትን አልነገርኩትም፤ ኤርምያስን በግድ ወደ ግብፅ ወሰዱት እንጂ ያን እርሻ አረሰው የሚል ቃል የትም የለም።